የአጭር ቪዲዮ የመጀመሪያ ሰከንዶች እንዴት ይመዘናሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ቲክቶክ፣ የኢንስታግራም ሪልስ ወይም የዩቲዩብ ሾርትስ ላይ ቪዲዮ ለቀው «ሰው ለምን ሳያየው ያልፈዋል?» ለሚሉ ነው። የምግብ አሠራር የምታሳዩም ሁኑ፣ ጫማ የምትሸጡም ሁኑ፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ የምታስተምሩም ሁኑ፣ ተመልካቹ አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እንዳደረገ ነው የሚያያችሁ።

«መክፈቻ» የሚባለው ስንት ሰከንድ ነው? ሁሉም ሰው 3 ይላል።

3 የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ፌስቡክ አንድን ቪዲዮ «ታየ» ብሎ የሚቆጥረው ከ3 ሰከንድ ጀምሮ ስለነበር ቁጥሩ በማስታወቂያ ሰዎች አፍ ተለመደ። ቲክቶክ ለአስተዋዋቂዎቹ 2 ሰከንድ ያዩትንና 6 ሰከንድ ያዩትን ለይቶ ያሳያል። ዩቲዩብ ላይ የሚዘለሉ ማስታወቂያዎችን መዝለል የሚቻለው ከ5 ሰከንድ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ቫይን የተባለ የቪዲዮ መተግበሪያ ላይ ደግሞ ቪዲዮው ራሱ ከነሙሉ ነገሩ 6 ሰከንድ ነበር። እያንዳንዱ ኩባንያ ለራሱ ሒሳብ የሚመቸውን መስመር አሰመረ እንጂ ሰው በሦስተኛው ሰከንድ ላይ የሚወስንበት የተለየ ምክንያት የለም።

እኔ የምለካው በሌላ መንገድ ነው። ስለ ቪዲዮው ምንም የማያውቅ ሰው «አሃ፣ ስለዚህ ነው» የሚልበት ቅጽበት የት ነው? መክፈቻው የሚያልቀው እዚያ ነው። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። 2 ሰከንድ ከሆነ ጥሩ። 9 ሰከንድ ከሆነ የ9 ሰከንድ መክፈቻ አላችሁ፤ ችግሩም እዚያው ተገኘ። ሾርትስ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ወዲህ እስከ 3 ደቂቃ ስለሚፈቅድ ብዙዎች «ጊዜ አለኝ» ብለው መግቢያውን አስረዘሙት። የተጨመረው ጊዜ ግን ለዋናው ጉዳይ ነው።

ቪዲዮዬ 40 ሺህ እይታ አለው። መክፈቻው ሠርቷል ማለት ነው?

ከዚህ ቁጥር ብቻ አይታወቅም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ሾርትስ ላይ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ፣ በተደገመም ቁጥር፣ አንድ እይታ ብሎ ይመዘግባል። ገና ብቅ ሲል በጣቱ ገፍቶ ያለፈውም ሰው ተቆጥሯል ማለት ነው። የድሮው አቆጣጠር አልጠፋም፤ ዩቲዩብ ስቱዲዮ (የቪዲዮአችሁን ቁጥሮች የምታዩበት ቦታ) ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል፣ የቪዲዮ ሠሪዎች ገቢም የሚታሰበው በእሱ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የለቀቃችሁትን ቪዲዮ ከዚያ በኋላ ከለቀቃችሁት ጋር በእይታ ብዛት አታወዳድሩ። መለኪያው ሌላ ሆኗል።

ታዲያ የትኛውን ቁጥር ልመልከት?

አንደኛ፣ ቪዲዮው ፊታቸው ከመጣላቸው ሰዎች ውስጥ ስንቱ ቆሞ አየ፣ ስንቱ ገፍቶ አለፈ የሚለውን። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ይህን ለሾርትስ በመቶኛ ለያይቶ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ በየሰከንዱ እንዴት እየቀነሰ እንደሄደ የሚያሳየውን ግራፍ። ይህ ቲክቶክም ላይ አለ።

ግራፉ መጀመሪያ ላይ መውረዱ አያስደንግጣችሁ፤ የሁሉም ይወርዳል። የሚነበበው አወራረዱ ነው። ገና ከጅምሩ ቁልቁል ተምዘግዝጎ ከዚያ በኋላ ለጥ ብሎ ከሄደ፣ መግቢያው ሰው አባሯል፣ የቀሩት ግን ወደውታል። እንዲህ ሲሆን ደስ ሊላችሁ ይገባል፤ ዋናውን ክፍል ሳትነኩ መግቢያውን ብቻ ቆርጣችሁ ብትቀይሩ ይበቃል። ከፍ ብሎ ቆይቶ 6ኛው ወይም 7ኛው ሰከንድ ላይ ከተናደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ መክፈቻው የገባውን ቃል ቪዲዮው አልጠበቀም።

ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው «መክፈቻዬ ጥሩ ነው፣ የደከመው መሐሉ ነው» ብሎ ያነበዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። «በ5 ደቂቃ እንጀራ ጋግሩ» ብሎ ጀምሮ 7ኛው ሰከንድ ላይ «መጀመሪያ ሊጡን ለሦስት ቀን...» የሚል ቪዲዮ የደከመ መሐል የለውም። የዋሸው መክፈቻው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ስትመዝኑ ያስቆሙትን ሰው ብዛት ብቻ አትዩ፤ ካስቆሙት ውስጥ የተስፋውን ነገር እስኪያገኝ የቆየው ስንት እንደሆነ አብራችሁ ቁጠሩ።

በነገራችን ላይ ግራፉ ከ100 በመቶ በላይ ቢጀምር ስሕተት መስሏችሁ አትጨነቁ። ሰዎች ደግመው ስላዩት ነው።

«ጥሩ» የሚባለው መቶኛ ስንት ነው?

ከራሳችሁ ካለፉት ቪዲዮዎች የተሻለው። «ከዚህ መቶኛ በታች ከሆነ ወድቋል» የሚሉ ምክሮች በየቦታው አሉ፤ የ15 ሰከንድ ቀልድና የ2 ደቂቃ የግብር ማብራሪያ ግን በአንድ ቁጥር አይዳኙም።

አማካይ የታየበት ጊዜስ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ ግን ለስንት ሰው ተካፍሎ እንደተገኘ ጠይቁ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 ያመነው ጥፋት ይህንን በደንብ ያሳያል። ኩባንያው ጠቅላላውን የታየበት ጊዜ ያካፍል የነበረው ቪዲዮው ለተጫወተላቸው ሁሉ አልነበረም፤ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ለቆዩት ብቻ ነበር።

ነገሩን በምናባዊ ቁጥር እንየው። ቪዲዮው ለ1000 ሰው ተጫወተ። 600ዎቹ በ1 ሰከንድ አለፉት፣ 400ዎቹ 10 ሰከንድ አዩት። ጠቅላላው 4600 ሰከንድ ነው። ለ1000 ሲካፈል 4.6 ሰከንድ ይወጣል፤ ለ400 ሲካፈል 11.5። አሁን መክፈቻውን አበላሹትና 800 ሰው በ1 ሰከንድ ይለፈው፣ 200 ብቻ ይቆይ። በፌስቡክ የያኔ አቆጣጠር አማካዩ ወደ 14 ያድጋል። መክፈቻው በከፋ ቁጥር ሪፖርቱ እያማረ ይሄዳል ማለት ነው! አስተዋዋቂዎች ከሰሱ፤ ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ።

ዛሬም ቢሆን ሪፖርት የሚያቀርብላችሁ ሰው «አማካዩ ጨምሯል» ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያለፉት ሰዎች ተቆጥረዋል ወይ?» ይሁን።

ሰላምታ ሳልሰጥ ብጀምር ነውር አይሆንም?

በአማርኛ ቪዲዮ ሠሪዎች ዘንድ የዚህን ያህል የሚያከራክር ጥያቄ አላየሁም።

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ዛሬ ደግሞ ይዤላችሁ የመጣሁት...» ይህን ድምፅ አውጥታችሁ በመደበኛ ፍጥነት አንብቡት፤ ወደ 10 ሰከንድ ይጠጋል። ረጅም ቪዲዮ ላይ፣ ስማችሁን ፈልጎ ለመጣ ተመልካች፣ ምንም ክፋት የለውም። ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ነውና ሰላም ሊባል ይገባዋል። አጭር ቪዲዮ ላይ ግን ሰውየው እናንተን ብሎ አልመጣም፤ እናንተ ናችሁ ሳይጠራችሁ ፊቱ የቆማችሁት።

ሰላምታው ይቅር አላልኩም። «ጤና ይስጥልኝ» ብቻውን አንድ ሰከንድ ነው፤ እጃችሁ ሥራው ላይ እያለ ሊባል ይችላል። የሚያስከፍለው ከኋላው የሚጎተተው ጭራ ነው። ደግሞም ለሁሉም አንድ ሕግ የለም። ሃይማኖታዊ ትምህርት የሚሰጡ ወይም በዕድሜ የገፉ ተመልካቾች ያሏቸው ሰዎች ሰላምታን ቢዘሉ ተመልካቻቸውን ያስቀይማሉ። ለእነሱ የሚሻለው ሰላምታው በድምፅ እየተሰማ ርዕሱን በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ማውጣት ነው።

የዶሮ ወጥ ቪዲዮ እንውሰድ። አንዱ መክፈቻ ከላይ ያለው ሰላምታ ነው። ሌላው የተሠራውን ወጥ በሰሐን ያሳይና «ዋው» ይላል። ሦስተኛው ድስቱን በቅርበት እያሳየ «ሽንኩርቱ ከወጡ ተለይቶ ከታየ፣ ጥፋቱ የተሠራው ከበርበሬው በፊት ነው» ይላል። የመጀመሪያው ስለ ምን እንደሆነ አይናገርም። ሁለተኛው ይናገራል፣ ግን ለመቆየት ምክንያት አይሰጥም፤ የዶሮ ወጥ ሥዕል ማንም አይቶ ያውቃል። ሦስተኛው ወጥ ሠርታ ያልተሳካላትን ሰው በቀጥታ ያናግራል፣ መልሱም ቪዲዮው ውስጥ አለ፦ ሽንኩርቱ ያለ ቅባት በቂ ጊዜ መቁላላት ነበረበት። ቃልም ተገብቷል፣ ተጠብቋልም።

የምለው ነገር ጥሩ ነው፣ ሰው ግን አይቆይም። ለምን?

አንዳንዴ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ባለፈው ሳምንት መርካቶ ሄጄ ከገዛኋቸው ጫማዎች መካከል በተለይ ብዙ ሰው የሚወደውንና ዋጋውም...» እያለ ሲሄድ ሰሚው ጫማው ተወደሰ ወይስ ተነቀፈ ገና አላወቀም። በጽሑፍ ዓይን ወደፊት ትሮጣለች፤ በድምፅ ግን መጠበቅ ግድ ነው፣ የሚጠብቅ ደግሞ የለም። መጀመሪያ አጭርና ግሱ የተዘጋ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ይህን ጫማ አትግዙ። ሶሉ የተሰፋ ሳይሆን የተለጠፈ ነው።» የመርካቶው ታሪክ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ሌላ ምሳሌ፦ «ስልካችሁ ውሃ ከነካው ሩዝ ውስጥ አትክተቱት።» ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነገር ይቃወማል፣ አጭር ነው፣ እውነትም ነው። አፕል ራሱ የሩዝ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ስለሚችል እንዳይደረግ ይመክራል። «እውነትም ነው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተቃራኒ በመናገር የሚከፍት ሰው ማስረጃውን በእጁ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ አስተያየት መስጫው ላይ የሚጠብቀውን ያውቀዋል።

ከመልቀቄ በፊት እንዴት ልፈትነው?

የመጀመሪያዎቹን 3 ሰከንዶች ብቻ ቆርጣችሁ ሥራችሁን ለማያውቅ ሰው በቴሌግራም ላኩለት። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጓደኛና ዘመድ ይሉኝታ ስላለው «አሪፍ ነው» ይላችኋል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አታገኙም። ይልቅ «ስለ ምን ይመስልሃል? ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» በሉት። የመጀመሪያውን ካልመለሰ መክፈቻው ግልጽ አይደለም። ሁለቱንም አብጠርጥሮ ከመለሰ ደግሞ ሁሉን ነገር እዚያው ጨርሳችሁታልና ለመቆየት ምክንያት የለውም። የሚፈለገው ርዕሱን አውቆ መልሱን ሳያውቅ የሚቀር ሰው ነው።

ለብቻችሁ ከሆናችሁ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፣ ቀጥላችሁ ስልኩን ገልብጣችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። በሁለቱም መንገድ ርዕሱ መታወቅ አለበት። ታክሲ ውስጥ ወይም ቢሮ ያለ ሰው ድምፅ አይከፍትም፤ ወጥ እየሠራች ስልኩን መደርደሪያ ላይ ያቆመች ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ስክሪኑን አታይም።

ከዚያ የመጀመሪያዋን ምስል ብቻ አቁማችሁ ተመልከቱ። ከጥቁር እየደመቀ የሚመጣ ምስል፣ የሚሽከረከር አርማ፣ ካሜራውን ለማብራት የተዘረጋ እጅ፣ ከመናገር በፊት የሚሳብ ትንፋሽ፣ እነዚህ ሁሉ በመቀስ የሚሄዱ ናቸው። በሰከንድ 30 ምስል በሚቀረጽ ቪዲዮ 3 ሰከንድ 90 ምስል ነው፤ ከዚያ ውስጥ 20ውን ለትንፋሽ መስጠት ብዙ ነው።

ስክሪን ላይ የምጽፈው ርዕስ አይነበብም ይሉኛል።

ቁመቱ 1920፣ ጎኑ 1080 በሆነው ስክሪን ላይ የቀኙ ጠርዝ በላይክና በሼር ምልክቶች፣ የታችኛው ክፍል በስማችሁና በመግለጫው ይሸፈናል። ጽሑፉን ከመሐል ከፍ አድርጉት። ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ በ፣ ቡ እና ቢን የሚለዩት ትንንሽ ቅጥያዎች ፊደሉ ሲያንስ ወይም ወፍራም ጥላ ሲደረግበት ይዋጣሉ። ቃሎቻችንም ረጃጅም ስለሆኑ መተግበሪያው መሐላቸው ላይ ሊሰብራቸው ይችላል፤ መስመሩን ራሳችሁ ስበሩት። አንድ በአንድ እየተተየበ የሚመጣ ጽሑፍ የሚያምረው ለሠሪው ነው። አንባቢው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ወይም አይጠብቅም።

«ሰበር»፣ «ጉድ ተሰማ»፣ «እስከ መጨረሻው እዩት» ብዬ ብጀምር ሰው ይቆያል። ለምን አይሆንም?

ለአንድ ቪዲዮ ይቆያል። ግራፉን ግን እዩት፤ ቅድም ያልኩት የ7ኛው ሰከንድ ናዳ በብዛት የሚታየው እዚህ ነው። በሕይወት ያለን ዝነኛ ሰው «አረፈ» ብሎ ጀምሮ «...የሚለው ወሬ ሐሰት ነው» እያሉ መጨረስ ደግሞ ከመለኪያ ጉዳይ ያለፈ ነውር ነው። «እስከ መጨረሻው እዩት» የሚለውን በተመለከተ፣ ምክንያቱ ካለ ምክንያቱን ንገሩን፤ ከሌለ ልመናው አይሠራም።

ሁለት መክፈቻ ሠርቼ ማወዳደር እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርገው?

ዋናው ክፍል አንድ ይሁን፣ የሚለያየው መግቢያው ብቻ። ሰዓቱም አንድ ይሁን። ይህ የመጨረሻው በተለይ በውጭ አገር ተመልካች ላላቸው ከባድ ነው። አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ሪያድም ማታ 3 ነው፤ ዋሽንግተን ግን እንደ ወቅቱ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። አንዱን ማታ፣ ሌላውን ጠዋት ብትለቁ ያወዳደራችሁት መክፈቻዎቹን ሳይሆን ዓረብ አገር ያለውን ተመልካች ከአሜሪካው ጋር ሊሆን ይችላል።

ተከታዮቻችሁንም ከሌላው ሰው ለዩ። የሚያውቃችሁ ሰው ደካማ መክፈቻን ይታገሣል፣ መለኪያውንም ያሳምረዋል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ያመጣው የሙከራ ሪልስ ቪዲዮውን መጀመሪያ ተከታይ ላልሆኑ ሰዎች ብቻ ስለሚያሳይ፣ አካውንታችሁ ላይ ካለ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ቲክቶክ ላይም ከፎር ዩ (መተግበሪያው ራሱ መርጦ ቪዲዮ ከሚያቀርብበት ገጽ) የመጣው ተመልካች ድርሻ ስንት እንደሆነ አይታችሁ ፍረዱ።

ስንት ሰው ካየው በኋላ ልፍረድ?

200 ሰው አይበቃም። አንዱ 55፣ ሌላው 60 በመቶ ቢያስቆም በ200 ሰው ልዩነቱ 10 ሰው ብቻ ነው፤ ይህን ያህል በዕድልም ይመጣል። ጥቂት ሺዎች እስኪደርስ ጠብቁ፣ ወይም ያን ያህል ተመልካች ከሌላችሁ አንድ ዓይነት መክፈቻን በበርካታ ቪዲዮዎች ላይ ደጋግማችሁ አዝማሚያውን እዩ።

የሽፋን ፎቶውስ?

ገጻችሁን ከፍቶ ለሚመርጥ ሰው ይጠቅማል። ፎር ዩ ላይ እያለፈ ላለው አይታየውም፤ እሱ የሚያየው የመጀመሪያዋን ምስል ነው።

ለተከፈለበት ማስታወቂያም መለኪያው አንድ ነው?

አይደለም፣ አንዳንዴም የተገለበጠ ነው። ዩቲዩብ ላይ በእይታ ልክ በሚከፈልበት የሚዘለል ማስታወቂያ፣ ሰውየው 30 ሰከንድ (ቪዲዮው ከዚያ ካጠረ ሙሉውን) ካላየ ወይም ካልነካው አትከፍሉም። ስለዚህ የማይመለከተው ሰው ቶሎ መሄዱ ለኪሳችሁ ይጠቅማል። የድርጅታችሁን ስምና ዕቃውን አምስቱ ሰከንድ ውስጥ አስገቡ፤ የሚዘለውም ሰው በነጻ ይሰማል። የምታደርሱት ሐዋሳ ብቻ ከሆነ «ሐዋሳ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ተናገሩት። ባሕር ዳር ያለው ሰው በ5ኛው ሰከንድ ቢዘለው ምንም አልከፈላችሁበትም።